በአምስት ቀን አስራ አራት ሺኛ የረዘመ ጠመንጃ

ዋልዶ ብሬኪ ከዚህ ዓለም ነገር ሁሉ አምኖ የሚያድረው የፀጉር ውፍረት የሚለካበትን ካሊፐሩን ብቻ ነበር። የአየር ትንበያን አያምንም፤ ፓስተሩን በከፊል ያምናል፤ ሚስቱን አርዲስን ደግሞ የሚያምናት የምትለው ነገር ከካሊፐሩ ጋር ሲገጥም ነው። አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ የሩባርብ ኬክ ለሁለት ተቆርጦ ሲቀርብ ካሊፐሩን ከደረት ኪሱ መዝዞ ለካና "የዲያቆኑ በስድስት ሺኛ ኢንች ይበልጣል" ብሎ ሳህን አለዋወጠ። ይህን የሃቨልስታድ ከተማ አራት መቶ ነዋሪ በሙሉ በዓይኑ አይቷል፤ አዳራሹ የሚይዘው ስድሳ ሰው መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም።

እንግዲህ ይኸው ሰው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ የራሱን ዓይን ማመን አቅቶት ተቀመጠ።

ጠመንጃው ገና ከኢርቪን ዞልነር ዘንድ መመለሱ ነው። ኢርቪን የአገሩ ጠመንጃ ሠሪ ነው፤ ከሱ ወዲያ ሌላ ጠመንጃ ሠሪ ለማግኘት ሦስት ሰዓት መንዳት ያስፈልጋል። ለዋልዶ ደግሞ የሠላሳ አንድ ዓመት ወዳጁ ነው። ቅዳሜ ዕለት የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ጭረት አይቶ "ቶርኖ ላይ አድርገህ አስተካክልልኝ" ብሎ ሰጠው፤ ኢርቪንም ሠርቶ መለሰለት። ጫፉ እንደ ብርሌ አፍ ያበራል። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው።

ግን ከነገ ወዲያ የክለቡ ዓመታዊ የስድስት መቶ ያርድ ውድድር ነው፤ ዋልዶም ቀለሃዎቹን መከርከም አለበት። እዚያ አገር የተተኮሰ ቀለሃ አይጣልም፤ ካፕሱሉ ተቀይሮ፣ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ እንደገና ይተኮሳል። በተተኮሰ ቁጥር ግን ነሐሱ እንደ ሊጥ ትንሽ ይሳባል። ቀለሃው ከመጉረሻው፣ ማለትም ጠመንጃው ጥይት ከሚጎርስበት ክፍል፣ በላይ ከረዘመ አንገቱ ተሰንጎ እርሳሱን አንቆ ይይዛል፤ ባሩዱም በፊት መውጫ ሲያጣ ወደ ተኳሹ ፊት መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ ብልህ ሰው መጀመሪያ የመጉረሻውን ርዝመት ይለካል፣ ከዚያ ይከረክማል። አንገቱ ያጠረ አሮጌ ቀለሃ አፉ ላይ ከንፈር ያላት ትንሽ የብረት ውታፍ ይሰካበታል፤ ተጎርሶ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ውታፏ ከመጉረሻው ጫፍ ጋር ተጋጭታ ወደ ኋላ ትገፋለች፤ የቆመችበት ቦታ ይለካል። ያ ነው ርዝመቱ።

ከሳምንት በፊት ሁለት ነጥብ አራት ዘጠኝ ስምንት ኢንች ነበር። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ዛሬ ሁለት ነጥብ አምስት አንድ ሁለት ሆነ።

ዋልዶ ካሊፐሩን በሸሚዙ ጠርጎ ደግሞ ለካ። ሁለት ነጥብ አምስት አንድ ሁለት። አርባ ጊዜ ለካ፤ ባይሆን ዘጠኝ ጊዜ ለካ። አስራ አራት ሺኛ ልዩነት! አንድ ኢንች ለሺህ ተከፍሎ አስራ አራቱ ማለት ነው። ሌላው ሰው "አራት አምስት ፀጉር ያህላል" ብሎ ያልፈዋል፤ ለዋልዶ ግን የሚዙሪን ወንዝ ከነጀልባው የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ጥጃ ያድጋል፣ ሐሜት ያድጋል፤ ብረት ግን በአምስት ቀን አያድግም። ስለዚህ ይህ መጉረሻ ያ መጉረሻ አይደለም፤ መጉረሻው የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ነውና ይህም አፈሙዝ ያ አፈሙዝ አይደለም።

ደረጃውን እየተንደረደረ ወጣ።

"አርዲስ! ኢርቪን ሰረቀኝ!"

አርዲስ ወጥ ቤት ዱባ እየከተፈች ነበር። ቀና አላለችም። "ምንህን? ጠመንጃህ ብብትህ ሥር ነው።"

"አፈሙዜን! አራት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈውን አፈሙዝ አውጥቶ ሌላ ገጥሞልኛል።"

"መልኩ ተለውጧል?"

"አፈሙዝ ምን መልክ አለው? ሁሉም ጥቁር ብረት ነው። መልኩ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ተለውጧል!"

"ኢርቪን ዞልነር? ያ ባለፈው ክረምት ጣሪያችን ላይ ወጥቶ በረዶ የጠረገልህ?"

ዋልዶ ጣቱን አነሳ። "እሱን ነው የምልሽ! ለምን ወጣ? ማን ውጣ አለው? ከላይ ሆኖ ምን ሊያይ ነው?"

"በረዶ" አለች አርዲስ። "ይልቅ ደውለህ ጠይቀው።"

"ሌባን ደውዬ ላስጠንቅቀው? ደግ ሴት ነሽ፤ ፖሊስ አለመሆንሽ ግን አገርን ጠቅሟል።"

ምክንያቱንም ለማግኘት አልዘገየም፤ ተጠራጣሪ ሰው ምክንያት አያጣም። የኢርቪን ልጅ በሰኔ ወር የድዌይን ሮልፍን ልጅ አግብታለች። ድዌይን ማለት ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ዋልዶን ተከትሎ ሁለተኛ የወጣ፣ አራት ዓመት ሙሉ እጁን እየጨበጠ ጥርሱን የነከሰ ሰው ነው። ወዳጅ ወዳጅ ነው፤ አማች ግን በገና ዕለት ማዕድ ላይ አብሮ ይቀመጣል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የተባለው ለኢርቪን ነው! ዋልዶ ያን ዕለት ዱባውን በልቶ ሲተኛ አፈሙዙ በድዌይን ጠመንጃ ላይ ተገጥሞ ሲስቅበት ታየው።

ዓርብ ጠዋት አንድ ማሰሮ የኮመጠጠ ሄሪንግ ዓሣ በእጁ፣ ውታፍ ያለበትን ቀለሃ በኪሱ ይዞ ወደ ኢርቪን ወርክሾፕ ሄደ። ዓሣው ሰበብ ነው።

ኢርቪን ቶርኖው ላይ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ በቀን ከአስራ ሁለት ቃል በላይ ከተናገረ የሚደክመው ሰው ነው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

"ዋልዶ።"

"ኢርቪን። አርዲስ ዓሣ ላከችልህ።"

"አርዲስ ሄሪንግ አትወድም።"

"ለዛ ነዋ የላከችው!" ዋልዶ ማሰሮውን አስቀመጠና ሞርሳው ውስጥ የታሰረውን ጠመንጃ በጎን ዓይኑ ቃኘ። የድዌይን ነበር። ሰማያዊ ማሰሪያ ያለውን ጠመንጃ ማን ያጣዋል? ዓይኑን ከላዩ ነቅሎ ጠየቀ። "እና... ጠመንጃዬን ምን አደረግክልኝ?"

"ጫፉን አስተካከልኩ።"

"ሌላስ?"

ኢርቪን ዘወር ብሎ ካቻቪቴ መፈለግ ጀመረ፤ ካቻቪቴው እጁ ውስጥ እያለ። "ሌላ ምን አደርጋለሁ?"

"እኔ ነኝ የምጠይቀው።"

"ያዘዝከኝን ሠራሁ።" ጆሮው ግን ቀላ። የኢርቪን ዞልነር ጆሮ ሲቀላ ያየ ሰው የለም፤ በሠርጉ ቀን እንኳ አልቀላም።

"አፈሙዜ ንጹሕ ነበር አይደል?" አለ ዋልዶ ነገሩን በጎን ለማምጣት። "እንደኔ አድርጎ አፈሙዝ የሚያጸዳ ከካናዳ ወዲህ የለም። ሁሌ እንደምለው፣ በኔ አፈሙዝ ውስጥ ሕፃን ወተት ቢጠጣ አይታመምም።"

ኢርቪን ሳለ። "ሁሌ ትላለህ፤ አዎ።"

በዚህ መሐል ጓዳ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ኢርቪንም ከእሳት እንዳመለጠ ሰው ሮጦ ገባ። ዋልዶ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ ጉልበቱም ደህና አይደለም፤ ግን ያን ዕለት ሞርሳው ጋ የደረሰው መብረቅ ቀድሞ ነው። ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን አየ፣ ውታፏን ሳብ አድርጎ ቀለሃውን በድዌይን ጠመንጃ አጎረሰ፣ መቀርቀሪያውን ዘጋ፣ ከፈተ፣ በቀስታ አወጣ፣ እንደ እንቁላል በመዳፉ ይዞ "ኢርቪን፣ ቸኩያለሁ!" ብሎ ወጣ። ፒካፑ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና ለካው።

ሁለት ነጥብ አምስት ዜሮ ስድስት።

ይህ የዋልዶ የድሮው ቁጥር አይደለም። አዲሱም አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን "እሰይ፣ ወዳጄ ንጹሕ ነው" ብሎ ተመልሶ ዓሣውን አብሮ ይበላ ነበር። ዋልዶ ግን መሪውን በቡጢ መታ።

"ሦስተኛ አፈሙዝ አለ!" አለ ጮክ ብሎ። "የኔን ደብቆታል፤ ለነገ ጠዋት!"

ቅዳሜ ጠዋት የሃቨልስታድ ተኳሾች ክለብ ሜዳ ላይ ነፋሱ ላም ይገለብጥ ነበር። ቢያንስ የማቪስ ትዌተንን ድንች ወጥ ክዳን ገልብጦ አጥር ላይ ሰቅሎታል። ማቪስ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣ የክለቡ ሊቀመንበርና የወጡም ባለቤት ናት። ሃያ ሦስት ተኳሽ ከነጠመንጃው ተሰብስቧል።

ክለቡ ከአያቶቹ የወረሰው አንድ ልማድ አለው። ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ሊቀመንበሩ "ቅር የተሰኘ አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ቅሬታ ያለው ባርኔጣውን አውልቆ በሁሉም ፊት ይናገራል። የመጀመሪያው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ግን ስለዚያ ነገር ትንፍሽ ያለ ዓመቱን ሙሉ ሜዳውን አይረግጥም። የተከሰሰው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ስሙ ከክለቡ የአባላት ሰሌዳ ይፋቃል። ጠመንጃ ሠሪ ስሙ ከዚያ ሰሌዳ ከተፋቀ ሱቁን ቆልፎ ወደ ልጁ ቤት መሄድ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ከነዚህ ሃያ ሦስት ሰዎች ሌላ ደንበኛ የለውማ።

ዋልዶ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረውም ለዚሁ ነው። ጠዋት አርዲስ "ከሠላሳ አንድ ዓመትና ከአስራ አራት ሺኛ የቱ ይበልጣል?" ብላው ነበር።

"ቅር የተሰኘ አለ?" አለች ማቪስ። እንደ ልማዷ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ወጧ ዞረች።

ዋልዶ ባርኔጣውን አወለቀ። ነፋሱ ያለችውን አራት ፀጉር አቆማት።

"እኔ አለሁ።"

ኢርቪን ፒካፑን ተደግፎ ነበር፤ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"ለኢርቪን ዞልነር የሰጠሁት አፈሙዝና የተቀበልኩት አፈሙዝ አንድ አይደለም" አለ ዋልዶ። "መጉረሻው በአምስት ቀን አስራ አራት ሺኛ ረዝሟል። የኔን አፈሙዝ ታውቁታላችሁ፤ ከመስተዋት ጋር የሚፎካከር ንጹሕ አፈሙዝ! አሁን የት እንዳለ እሱ ይናገር። ማን እንደሚጠቀምበትም የሚያውቅ ያውቃል።" ወደ ድዌይን አላየም፤ አለማየቱ ግን ከማየት የባሰ ነበር።

ድዌይን ባለ ሰፊ ደረት፣ ቀይ ፊት ሰው ነው። "ምን ማለትህ ነው አንተ? ጠመንጃዬን ዓርብ ዕለት ወርክሾፑ ውስጥ የነካካኸው አንተ ነህ እንዴ? መቀርቀሪያው ላይ የሄሪንግ ሽታ ነበር እኮ!"

ሳቅ ተነሳ። ማቪስ በጭልፋዋ ማሰሮውን መታች። "ኢርቪን፣ መልስ ስጥ።"

ኢርቪን መሬቱን አየ። "ብተወው ይሻለኛል።"

"ምን ማለት ነው መተው? ሰርቀሃል ወይስ አልሰረቅህም?"

"አልሰረቅሁም። ቀሪውን ለዋልዶ ለብቻው ነው የምነግረው።"

"እዚሁ!" ጮኸ ዋልዶ። ኢርቪን ግን ያየው እንደ ተከሳሽ ሳይሆን ሐኪም በሽተኛውን እንደሚያይ ነበር። ቢሆንም ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

ማቪስ ሰዓቷን አየች። "አስር ደቂቃ። ከፒካፑ ኋላ። ከዚያ እሰማለሁ።"

ከፒካፑ ኋላ ኢርቪን ከሸሚዝ ኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥቶ ገለጠ። መሐሉ ላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ የጎበጠች አንዲት ጥቁር ስባሪ አለች።

"ምንድን ነው?"

"ለካት" አለ ኢርቪን።

ዋልዶ በጥርጣሬ አፍንጫውን ነፍቶ ካሊፐሩን አወጣ። ወርዷን ለካ። ደገመ። አስራ አራት ሺኛ።

"ጥቀርሻ ነው" አለ ኢርቪን። "ቀለሃህን የጥይት አሞላል መጽሐፉ እንደሚለው አሳጥረህ ትከረክማለህ። በቀለሃው አፍና በመጉረሻው ጫፍ መካከል ክፍተት ይቀራል። በተኮስክ ቁጥር እዚያ ጥቀርሻ ይተኛል፣ ይጋገራል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ። እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዞ ነበር፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ። ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኛል።"

"እና... ውታፏ..."

"ከብረቱ ጋር አልነበረም የምትጋጨው። ከቆሻሻህ ጋር ነው። ያሁኑ ቁጥር ነው እውነቱ።"

ዋልዶ ፒካፑን ያዝ አደረገ። በሕይወቱ ዘመን ለካሊፐሩ የተሳሳተ ነገር አቅርቦለት አያውቅም ብሎ ያምን ነበር። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ሕፃን ወተት ይጠጣበታል እያልክ ምን ልበልህ?" ኢርቪን ወረቀቱን አጠፈ። "አንድ ቀን ደስ ብሎህ ስትውል አሳይቼህ እንስቅ ነበር። አንተ ግን አልጠየቅኸኝም። ለካኸኝ እንጂ።"

ይህን ሲል ድምፁ አልጨመረም፤ ቃላቱም ከአስራ ሁለት ብዙ አልፈው ነበር። ወረቀቱን ለዋልዶ ሰጥቶ ቀድሞት ሄደ።

ዋልዶ ተመልሶ በሕዝቡ ፊት ቆመ። የሚያዋጣው መንገድ ወዲያው ታየው።

"ስሕተት ነው" አለ። "የካሊፐሬ ባትሪ ደክሞ ነው። ኢርቪን ምንም አላጠፋም።"

ይህን ሲል ልቡ ደማች፤ ካሊፐሩን በሐሰት ሲከስ የመጀመሪያው ነው። እልል ይሉልኛል ብሎ ግን ጠብቆ ነበር። ማንም አላለም።

"ምን ሰጠህ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ምን?"

"ከፒካፑ ኋላ። አስር ደቂቃ ሙሉ። ምን ሊሰጥህ ተስማማችሁ?"

"ባትሪው ዓርብ ዕለት በኔ ጠመንጃ ላይ ደህና ይሠራ ነበር አይደል?" አለ ድዌይን። "ስሜንም አንስተሃል። እንዲህ አድርጋችሁ አትሸፍኑትም።"

አንድ ጢማም እህል ነጋዴ ወደ ኢርቪን ፒካፕ ሄዶ ለጥገና ያስቀመጠውን የራሱን ጠመንጃ ከነማሕደሩ አውጥቶ ወሰደ። ሌላውም ተከተለው። ሁለቱም ሲያልፉ ኢርቪንን የሚያዩበትን አስተያየት ዋልዶ አወቀው፤ ሁለት ቀን ሙሉ የሱ ዓይን ነበር። አሁን ከሱ ላይ ወርዶ ሃያ ሰው ላይ ተጋብቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኢርቪን እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። አንዲት ቃል ቢናገር ይድን ነበር።

"ቆይ!" አለ ዋልዶ። "ማስረጃ አለኝ!" ወረቀቱን አውጥቶ ገለጠ። "ይህን ተመልከቱ..."

ነፋሱ ስባሪዋን ብድግ አድርጎ ወሰዳት። ደቡብ ዳኮታ ገብታለች የሚሉ አሉ። ዋልዶ ባዶ ወረቀት ዘርግቶ ቀረ።

"ወረቀት ነው" አለች ማቪስ።

"ጥቀርሻ ነበር! ከኔ አፈሙዝ የወጣ! አፈሙዜ ቆሻሻ ነበር፤ ምን ቆሻሻ፣ የከሰል ማዕድን! ቢስማርክ ከተማን ክረምቱን ሙሉ የሚያሞቅ ጥቀርሻ! ኢርቪን በአካፋ ነው ያወጣው! ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሲዝቅ..."

ሳቁ ሜዳውን አናወጠው። "ይኸው ደግሞ ጀመረ!" "ዋልዶ ያለውን ለመቶ አካፍሉት!" "አሁን ደግሞ በቆሻሻም አንደኛ ነኝ ሊለን ነው!" ድዌይን ብቻ አልሳቀም። ማቪስም አልሳቀችም። የሰሌዳውን መጥረጊያ ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ያዘች።

የዕድሜ ልክ ወዳጁ ሲጠፋ ዋልዶ ያለው መሣሪያ አንደበቱ ብቻ ነው፤ አንደበቱንም ሃያ ዓመት አባክኖታል።

"አስራ አራት ሺኛ" አለ በቀስታ።

"አልሰማንም!"

"አስራ አራት ሺኛ ነው። ከዚያ አይበልጥም። የመጉረሻውን ጫፍ አስራ አንድ ዓመት አጽድቼው አላውቅም። አንድም ቀን። መጽዳት እንዳለበትም አላውቅም ነበር።" ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያሽከረክረው ጀመር። "ኢርቪን አይቶ አጸዳልኝና እንዳላፍር ብሎ ዝም አለ። እኔ ሌባ አልኩት። የድዌይንንም ጠመንጃ በስርቆት ለካሁ። ባትሪው ደህና ነው። የነገርኳችሁ ይኸው ነው።"

ማቪስ ጨርቁን መልሳ አስቀመጠች።

"ዋልዶ ብሬኪን ስድሳ ዓመት አውቀዋለሁ" አለች። "ትንሽ ቁጥር ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። እውነት ነው። ቅሬታው ተዘግቷል፤ ተኩሱ።"

ያን ዕለት ማን እንዳሸነፈ የሚያስታውስ ሰው የለም። ዋልዶ አስራ ሰባተኛ እንደወጣ ግን ሁሉም ያስታውሳል፤ ራሱም ሲጠየቅ አስራ ሰባተኛ ይላል። ኢርቪን ሲያልፍ ሰላም አላለውም። ዋልዶም ደፍሮ አልቀረበውም፤ ወጡን ሣር ላይ ለብቻው ተቀምጦ በላ።

ከምሳ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ጢማሙ እህል ነጋዴ ጠመንጃውን እንደያዘ ግራና ቀኝ አይቶ ወደ ኢርቪን ፒካፕ ተጠጋ። ጆሮው ላይ አንሾካሾከ። እሱ ሲሄድ ሌላው መጣ፤ እንዲሁ ግራና ቀኝ አየ። የክለቡ ሰው በሙሉ አንዱ ሌላውን እንዳያየው እየተጠነቀቀ፣ የራሱን አፈሙዝ ተጠራጥሮ ይመጣ ጀመር። "ለማንም አትንገር እንጂ እስቲ የኔን እይልኝ።" "እኔ እንኳ ንጹሕ ነኝ፤ ግን..." ዋልዶ ከሩቅ ሆኖ ቆጠራቸው። አስራ ዘጠኝ ነበሩ። ሃምሳ ማለት ይችል ነበር።

በመጨረሻ ድዌይን ሮልፍ መጣ፤ ጠመንጃውን ካፖርቱ ሥር ሸሽጎ። ኢርቪን የጠመንጃውን መቀርቀሪያ አወጣና ዙሪያውን አየ።

"ዋልዶ! ና መብራት ያዝልኝ።"

ዋልዶ የተጠራው እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ዞሮ ከኋላው አየ። ከዚያ ጉልበቱን ረስቶ ሮጠ። ትንሿን መብራት ተቀብሎ ወደ መጉረሻው ውስጥ አበራ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

የቀለበቱ ጥቁረት! ውፍረቱ! ዋልዶ እንዲህ ያለ ጥቀርሻ በሕልሙም አላየም፤ የሱ አስራ አራት ሺኛ ከዚህ ፊት ነጭ የለበሰ ሠርገኛ ነው። ከአራት ዓመት ተፎካካሪው አፈሙዝ ውስጥ! ምላሱ አፉ ውስጥ እንደ ታሰረ ፈረስ ተራገጠች። የባቡር ዋሻ፣ የከሰል መጋዘን፣ የሰይጣን ጭስ ማውጫ... ሁሉም ቃል ተሰልፎ ጥርሱ ላይ ደረሰ።

ኢርቪን በጎን አየው።

ዋልዶ ከንፈሩን ነከሰ። ደሙ እስኪመጣ ነከሰ፤ ይሄ ግነት አይደለም፣ አርዲስ ማታ ቅባት ቀብታለታለች።

"እህ?" አለ ድዌይን። "ምን ታያላችሁ?"

"ትንሽ እቦርሸዋለሁ" አለ ኢርቪን። "ማክሰኞ ና ውሰደው።"

ድዌይን ከአንዱ ወደ ሌላው ዓይኑን አመላለሰ። ከዚያ ጣቱን ወደ ዋልዶ ቀሰረ።

"አንተ ለምን ዝም አልክ? አንተ ዝም ብለህ አታውቅም። ሁለታችሁ የምትደብቁኝ ነገር አለ!"